ሄሊኮፕተራችን ጨፋ ያረፈች ዕለት

ለብዙ ዓመታት እህቴ ስለ ሥራዬ ሰው ሲጠይቃት «ቢሾፍቱ ነው ያለው፣ አውሮፕላን ይጠግናል» ትል ነበር። ሐሰት አልነበረም። መካኒክ ነበርኩ፤ ጥፍሬ ከቅባት የጠዳበት ቀን ትዝ አይለኝም። ያልነገርኳት፣ የምጠግነው ሄሊኮፕተር መሆኑንና ጠግኜም መሬት የማልቀር መሆኔን ነው። አብሬ እበር ነበር። ክፍላችን የሚሠራውን ለቤተሰብ ማውራት ክልክል ነበር፤ እሷም ጠያቂ ሴት አይደለችም። ለአረፋ ፈቃድ አግኝቼ ጨፋ ቤቷ ስገባ፣ ፊቴን ወደ ብርሃን አዙራ ከስቻለሁ ወይስ ደህና ነኝ የሚለውን ካየች በኋላ ሌላ ምርመራ አልነበረባትም።

እናታችን ስትሞት እኔ ገና ትምህርት ቤት አልገባሁም ነበር። እህቴ ስታገባ ይዛኝ ገባች። ባሏ፣ አላህ ይዘንለት፣ እንደ ልጁ አየኝ። ለትምህርት ስደርስም ከሚሴ ዘመድ ቤት አስጠግቶ አስተማረኝ። እስከ ዛሬ እቴቴ ነው የምላት። ስሟን ስጠራ ራሴን ሰምቼው አላውቅም።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ የአየር ኃይል ቴክኒሽያን ምልመላ መጣና ተመዘገብኩ። ወታደር የመሆን ጉጉት ኖሮኝ አልነበረም። ከቦርከና ውሃ እየሳቡ ሽንኩርት የሚያጠጡ ሞተሮችን እየፈታሁ የምገጥም ልጅ ነበርኩና፣ ትልቅ ሞተር ማየት ፈለግሁ። ሥልጠናውን ጨርሼ ጭነት የሚያመላልሱ አውሮፕላኖች ላይ ትንሽ እንደሠራሁ አንድ ሻለቃ አስጠራኝ። አብራሪ ነው፤ ቀጭን፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ የሰሜን ሸዋ ሰው። ስለ ሞተር ይጠይቀኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ቤታችን በምን ቋንቋ እንደምናወራ ጠየቀኝ።

«በሁለቱም ነው ሻለቃ» አልኩት። «በአማርኛ ጀምረን በኦሮምኛ እንጨርሳለን።»

ሳቀና ወረቀቴ ላይ አንድ ነገር ጻፈ። በሳምንቱ ልዩ ተልዕኮ ወደሚባለው የሄሊኮፕተር ስኳድሮን ተዛወርኩ። ለምን እንደመረጠኝ የነገረኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ሄሊኮፕተሯ የትም ታደርሳለች፤ እዚያ ከደረሱ በኋላ ግን ወርዶ ውሃው የቱ ጋ እንደሚጠልቅ፣ መንገዱ የቱ ጋ እንደሚያልቅ የአገሩን ሰው የሚጠይቅ ያስፈልጋል። እሱ ደግሞ እንደዚያ ያለ ሰው አጥቶ የተቸገረበት ቀን ነበረው። ስሜን ብዙም አይጠራውም ነበር። «ከሚሴ» ነበር የሚለኝ። ሌሎቹም ተከተሉት፤ ስኳድሮኑ ውስጥ ስሜ እሱ ሆኖ ቀረ።

ስኳድሮኑ እንዴት እንደተመሠረተ የነገረኝ የሃንጋሩ ሽማግሌ መካኒክ ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ የነበረ ሰው ነበር፤ ሁላችንም ጋሼ እንለዋለን። ሻይ ሲጠጣ ወሬ ይቀናዋል። እሱ እንደሚለው፣ ሲጀመር የነበረው ጥቂት ሄሊኮፕተርና ክረምት ሲመጣ ጣሪያው የሚያፈስ ሃንጋር ነው። የተመሠረተው መንገድ በማይገባበት አገር ለሚሠራ ኮማንዶ ነበር። ወታደሩ በእግሩ ብዙ ቀን ተጉዞ፣ ደክሞና ተርቦ ከሚደርስ፣ ጎህ ሲቀድ በሄሊኮፕተር ወስዶ ማድረስ፣ ሥራውን ሲጨርስም መመለስ። የቆሰለ ካለ ደግሞ በበቅሎ ጀርባ ደሙ ከሚያልቅ ቶሎ ሐኪም ጋ ማድረስ። «ልዩ የተባልነው ልዩ ሰዎች ሆነን አይደለም» ይል ነበር። «ሌላው የማይሄድበት ስለምንሄድ ነው።»

ከዚያ መንግሥት ሲለወጥ ስኳድሮኑ ተበተነ። አብራሪዎቹ አንዳንዶቹ ተሰደዱ፣ አንዳንዶቹ ታክሲ ነዱ። ጋሼ ራሱ የአሰብ መስመር የጭነት መኪና ላይ ረዳት ሆኖ ሠራ። የከሚሴ ልጅ መሆኔን ሲሰማ ደስ ያለው ለዚህ ነው፤ ባቲ ቁልቁለት ላይ ፍሬን የተበላሸበትን ቀን፣ ገበያ የሚወርዱ ሰዎች ድንጋይ እያቀበሉ እንዴት እንዳስቆሙለት ደጋግሞ አውርቶልኛል። አንድ ቀን ጠዋት ሁለት መኮንኖች ቤቱ ድረስ መጥተው ሥራህ ላይ ትመለሳለህ ወይ አሉት። ሃንጋሩ ሲገባ የሄሊኮፕተሮቹ ጎማ ተንፍሷል፣ መስታወታቸው አቧራ ጠግቧል፤ የአንዷ ሞተር አየር የምትስብበት ቦታ ላይ ወፍ ጎጆ ሠርቶ እንቁላል ጥሏል። ጎጆውን ሳይሰብር አውጥቶ ግንብ ጫፍ ላይ እንዳስቀመጠው ይናገራል። ወፏ ተመልሳ ትምጣ አትምጣ አያውቅም። ከዚያ የሌላውን ዕቃ ለዚህ፣ የዚህን ለዚያ እያደረጉ አንድ በአንድ አስነሷቸው።

እኔ የደረስኩት ስኳድሮኑ ዳግም ከቆመ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የበረራ ቴክኒሽያን ነበርኩ። መሬት ላይ ስትሆን እጠግናለሁ፤ ስትበር ደግሞ ቦታዬ በሩ ጋ ነው። አብራሪዎቹ ከሆዷ በታች ያለውን ማየት አይችሉም። ስለዚህ እኔ በቀበቶ ታስሬ ከወገቤ በላይ ወደ ውጭ ወጥቼ ቁልቁል እያየሁ እነግራቸዋለሁ፤ ትንሽ ግራ፣ ግንድ አለ፣ አሁን ውረድ፣ ቀስ። ሻለቃው ሳያንገራግር የምለውን ይሰማኛል። እንዲህ ያለ እምነት ሰውን ሌሊት ሌሊት ያስጨንቃል፤ ቀን ቀን ደግሞ ቀጥ አድርጎ ያቆማል።

የት የት እንደሄድን ዛሬም አልናገርም። ሥራው ምን ይመስል እንደነበር ግን መናገር እችላለሁ። አብዛኛው መጠበቅ ነው። አንድ ጊዜ በረሃ ላይ፣ ወታደሮቹን አድርሰን እነሱ እስኪመለሱ ሞተር አጥፍተን ጠበቅን። የቀጠሮው ሰዓት አለፈ። ረዳት አብራሪው በየጊዜው ወደ ነዳጁ ያያል፤ ሻለቃው ጥላ ሥር ተቀምጦ እንጨት ይቀርጻል። ከዚያ በላይ ብንቆይ መመለሻ ነዳጅ የማይኖረን ሰዓት ሲቃረብ ከጉብታው ጀርባ ብቅ አሉ፤ አንዱን ጓደኛቸውን በሸራ ተሸክመውታል። ስንነሳ የቆሰለው ልጅ ቁርጭምጭሚቴን ይዞ ነበር። ስናርፍ ጣቶቹን አንድ በአንድ ማላቀቅ ነበረብኝ። ተርፏል። በኋላ በክራንች ሃንጋር ድረስ መጥቶ ሰላም ብሎናል።

ሌላም ሥራ ነበር። ምጥ የጠናባት ሴት፣ ክትባት፣ ድርቅ የመታው አገር የሚሄድ ዱቄት፣ ድልድይ የተወሰደበት ወረዳ የፈተና ወረቀት። ይህን ስንሠራ ሰው ያጨበጭብልናል፤ ልጆች በአቧራው ውስጥ ይሮጡልናል። በሌላው ሥራችን ደግሞ ከበታችን ያለው ሰው ይሸሻል። ዝቅ ብለን ወንዝ ተከትለን ስናልፍ፣ እርሻ ላይ ያለው ማረሻውን ጥሎ፣ ሴቷ ልጇን አንስታ ወደ ዛፍ ሲሮጡ በሩ ላይ ሆኜ አያለሁ። ከላይ ሲታይ የሚሮጥ ሰው ትንሽ ነው። ታየዋለህ፣ ታልፈዋለህ፣ ዓይንህ ወደሚቀጥለው ዛፍ ይሄዳል። በዚያ ጊዜ ስለዚያ ሰው ብዙ አላስብም ነበር። ሥራዬ ዛፉ ነበር።

ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት ወደ እኛ አገር የገባበት ክፉ ዓመት መጣ። እኔ በዚያን ጊዜ ሌላ ጠረፍ ላይ ነበርኩ። ስልክ ተቋርጦ እቴቴ ትኑር አትኑር ሳላውቅ ብዙ ሳምንት አለፈ። መስመሩ ሲመለስ ድምፅዋን ሰማሁ። «አልሐምዱሊላህ፣ ሁላችንም አለን» አለችኝ፤ ስለ ሌላው አላወራችም። እኔም መኖሯ በቃኝና አልጠየቅኋትም።

በቀጣዩ ክረምት ቦርከና ሞላ። ጨፋ ሜዳ ውሃ መተኛት የለመደ አገር ነው፤ ያን ጊዜ ግን ከላይ ከደሴና ከኮምቦልቻ ተራሮች የመጣው ጎርፍ በአንድ ጊዜ ወርዶ፣ በወንዙ ዳር ያሉትን መንደሮች ዙሪያቸውን ቆረጣቸው። እኛ ለሌላ ጉዳይ ኮምቦልቻ ነበርን። ትእዛዙ ሲመጣ ሻለቃው ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ጠራኝ።

«ከሚሴ፣ ይሄን ቦታ ታውቀዋለህ?»

ጣቱ ያረፈው እቴቴ መንደር አጠገብ ነበር። እህቴ እዚያ እንደምትኖር ነገርኩት። ጣቱን ሳያነሳ ቀና ብሎ አየኝ። መቅረት ከፈለግሁ ሌላ ሰው እንደሚወስድ ነገረኝ። እሄዳለሁ አልኩት።

ጠዋት ነው፤ ዝናቡ አባርቷል። ሐርቡን አልፈን ወደ ደቡብ ስንወርድ ሜዳውን ማወቅ አቃተኝ። ማሽላው ጫፉ ብቻ ይታያል። ከብቶች አስፋልቱ ላይ ወጥተው መኪኖቹን አቁመዋል። ወንዙ የቱ እንደሆነ፣ እርሻው የቱ እንደሆነ አይለይም፤ ሁሉም ቡናማ ነው፣ ሁሉም ይሄዳል። መንደሩን ያገኘሁት በመስጊዱ ነው። መስጊዱ ከፍ ያለች ቦታ ላይ ነው የተሠራው፤ እዚያች ላይ ሰው ታጭቋል። የእቴቴን ቤት ፈልጌ ቆርቆሮውን ብቻ አገኘሁ።

ሻለቃው ወደ መስጊዱ ግቢ ዝቅ ማለት ሲጀምር ሰዎቹ ተነሱ። ሊቀበሉን መስሎኝ ነበር። ሮጡ። ከደረቁ መሬት ወርደው ወደ ውሃው፣ ወደ ማሽላው ገቡ። አንዲት ሴት ልጅ አዝላ እስከ ወገቧ ገባች። ከኋላዋ ያለው ሰውዬ ተደናቅፎ ወደቀ፤ ለአፍታ ጭንቅላቱ ጠፋኝ፤ ከዚያ ማሽላ ጨብጦ ተነሳ።

«ተነሳ፣ ተነሳ» አልኩት ሻለቃውን። ምክንያቱን ሳይጠይቅ ወደ ላይ ወጣ።

ረዳት አብራሪው ወጣት ነው፤ ገርሞት ምን ሆነው እንደሆነ ጠየቀ። እኛን ፈርተው እንደሆነ ነገርኩት። ከዚያ ሻለቃው ምን ይሻላል አለኝ። ራቅ አድርጎ እንዲያወርደኝ ለመንኩት። ከመንደሩ ወዲያ አንድ አውድማ አለ፤ ቦታው ከፍ ስለሚል ውሃው አልሸፈነውም። እዚያ አረፍን። የራስ ቁሬን አወለቅሁ። ኪሱ የበዛውን የበረራ ሰደርያዬንም አወለቅሁ። ገመድ ትከሻዬ ላይ ጥዬ በውሃው መሄድ ጀመርኩ።

መንገዱን እግሬ ያውቀዋል። በልጅነቴ ውሃ የምመልስበት ቦይ የት ጋ እንዳለ ስለማስታውስ እሱን ዞርኩት። ውሃው ጉልበቴን አለፈ፤ ጭኔ ጋ ደረሰ። በሁለቱም ቋንቋ እየጮህኩ ነበር የምሄደው። «ሂን ሶዳቲና፣ አትፍሩ፣ የአገር ልጅ ነኝ፣ አትፍሩ» እያልኩ። የመስጊዱ አጥር ጋ ስደርስ አንድ ሽማግሌ ከግንቡ ጀርባ ብቅ አሉ። ምርኩዛቸውን እንደ ጦር ይዘውታል። ሰላምታ ሰጠኋቸው፤ መለሱልኝ። የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ። የአባቴን ስም፣ የአያቴን ስም ነገርኳቸው።

«የሱ ልጅ አውሮፕላን የሚጠግን ነው» አሉኝ በጥርጣሬ።

«እኔ ነኝ አባ» አልኳቸው። «ይቺን ነው የምጠግነው።»

በዚህ ጊዜ ከማሽላው ውስጥ አንዲት ሴት ወጣች። እስከ ደረቷ ርሳለች። የጎረቤት ልጅ በጎኗ ይዛለች፤ ሻሿ ወልቆ ትከሻዋ ላይ ተለጥፏል። እቴቴ ናት። አላቀፈችኝም። ፊቴን ወደ ብርሃን አላዞረችም። የለበስኩትን ልብስ ከላይ እስከ ታች አየች፤ ከዚያ ከትከሻዬ በላይ፣ አውድማው ላይ ክንፏ ቀስ እያለ የሚሽከረከረውን ሄሊኮፕተር አየች።

«አንተ ነህ ከዚያ የወረድከው?»

«እኔ ነኝ እቴቴ።»

«አምና በላያችን ያለፈውስ? እሱም አንተ ነበርክ?»

በሕይወቴ ብዙ ነገር ተጠይቄያለሁ። እንደዚህ ያለ ጥያቄ ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልገጠመኝም። ውሃው በመሃላችን ገለባ ይዞ ይሄዳል። እሷን የሚያረጋጋ መልስ መስጠት እችል ነበር፤ ግማሹ እውነት ስለሆነ አያስቸግርም። ፊቷን ሳየው ግን ግማሹ እንደማይበቃት ገባኝ።

«እኔ አልነበርኩም» አልኳት። «እዚህ ሰማይ ላይ ያን ጊዜ አልበረርኩም። ሌላ አገር ግን በርሬያለሁ።»

«እዚያም እንደዚህ ይሮጣሉ?»

«ይሮጣሉ።»

ልጁን ከአንዱ ጎኗ ወደ ሌላው አዛወረችው። ሽማግሌውም ምርኩዛቸውን መሬት አስነኩ። ከዚያ ዞረችና ወደ ማሽላው ጮኸች። «ኮታ፣ ኮታ፣ ኑ፣ ልጆቹን አምጡ። ወንድሜ ነው» አለች። ድምፅዋ ደስታም ቁጣም አልነበረውም። ሥራ እንዳለበት ሰው ድምፅ ነበር።

ሰው ከማሽላው ውስጥ አንድ አንድ እያለ ወጣ። እኔና ጠንካራ ጠንካራ የሆኑት ወንዶች ገመዱን ከመስጊዱ ምሰሶ እስከ አውድማው ጫፍ ዘረጋነው። ሕፃናትንና አራሶችን በመጀመሪያ፣ ከዚያ የታመሙትን አሻገርን። ሻለቃው ከመቀመጫው አልተነቃነቀም፤ ክንፏ እየዞረ ሰው ሲጠጋ እንዳይፈራ ብሎ ሞተሩን እስከሚችለው ድረስ ዝቅ አድርጎት ነበር። ረዳት አብራሪው ወርዶ፣ ጫማውን በሙሉ ጭቃ ውጦት፣ አሮጊቶችን እያቀፈ ያስገባል። አንዷ ትከሻውን እየደበደበች በኦሮምኛ ስትመርቀው ምን እንዳጠፋ ጠየቀኝ።

ወደ ከሚሴ እየተመላለስን ከተማው ዳር ያለ ሰፊ ሜዳ ላይ አወረድናቸው። የከተማው ሰው ወሬውን ሰምቶ ቀድሞን ወጥቶ ነበር። ብርድ ልብስ ይዞ የመጣ አለ፣ ዳቦ በጆንያ ያመጣ ዳቦ ቤት አለ። የቤተ ክርስቲያኑ የሰንበቴ ማኅበር ድንኳን ይተክላል፤ የመስጊዱ ወጣቶች ስም እየጠሩ ልጅን ከእናት ያገናኛሉ። እኔ ይህን ሁሉ ያየሁት በሩ ላይ ሆኜ፣ ሰው እስኪወርድ ባለው ጊዜ ብቻ ነው።

እቴቴ የመጣችው በመጨረሻው ጉዞ ነው። ቀድማ እንድትገባ ስለምናት እንደ ሕፃን አየችኝ። ሽማግሌውም የመጨረሻው እኔ ነኝ ብለው ተከራከሯት፤ በኋላ ሁለቱም አብረው ገቡ። ከበሩ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ስንነሳ ዓይኗን የምትጨፍን መስሎኝ ነበር። አልጨፈነችም። ቤቷ ከበታችን ሲያልፍ አንገቷን አውጥታ አየችው። በረቱ ጋ ውሃ ላይ የተንሳፈፈውን ደግሞ እሷም አየችው፣ እኔም አየሁት። ላሞቿ ነበሩ። በኋላ አንዲት ጊደር ብቻ እየዋኘች አስፋልት ላይ ወጥታ ተገኘች።

ከሚሴ ላይ ስትወርድ ደግፌ አወረድኳት። «ሂድ፣ ሥራህን ጨርስ» ብላኝ ከሴቶቹ ጋር ሄደች። እኛም ነዳጅ ሊያልቅብን ስለነበር ወደ ኮምቦልቻ ተመለስን። ካረፍን በኋላ ሁላችንም ወርደን ሻለቃው መቀመጫው ላይ እንደቀረ አስታውሳለሁ።

ፈቃድ ያገኘሁት ውሃው ከጎደለ በኋላ ነው። እቴቴ ከሚሴ የባሏ ዘመዶች ጋ ተጠግታ ነበር። በሰላምታ ተቀበለችኝ፤ ከስተሃል አለችኝ። ምሳ በላን። ለሰው ምን እንደምሠራ አልተናገረችም። የመንደሩ ሰው ሁሉ በዓይኑ አይቶ እያለ እሷ አሁንም መካኒክ ነው ትላለች። ጓዳ ያሉት ሁሉ ወደ ገበያ ሲወጡ፣ ግቢው ውስጥ ፓፓያው ሥር ተቀምጠን ሳለ፣ «በል አሁን ንገረኝ» አለችኝ።

የት እንደሄድን መናገር እንደማልችል ነገርኳት። እሱን እንደማትፈልገው ነገረችኝ። ስለዚህ ጋሼ የነገረኝን ነገርኳት፤ እንዴት እንደተመሠረተ፣ እንዴት እንደተበተነ፣ የአሰቡን መኪና፣ የወፏን ጎጆ። ስለ ሻለቃው ነገርኳት። ቁርጭምጭሚቴን ስለያዘው ልጅ ነገርኳት። ስለ ጎጆው ስነግራት ብቻ ነው አቋርጣ የጠየቀችኝ፤ ወፏ ተመልሳ እንደሆነ ማወቅ ፈለገች። አይታወቅም አልኳት።

ከዚያ የእሷ ተራ ሆነ። በጦርነቱ ጊዜ የሄሊኮፕተር ድምፅ ስትሰማ የልጅ ልጆቿን ከአልጋ ሥር አስገብታ፣ እሷ ከውጭ በኩል ተኝታ፣ የትንሹን ጆሮ በመዳፏ ይዛ እንደዋለች ነገረችኝ። ምንም አልወደቀባቸውም። ድምፁ መጣና አለፈ፤ ተመልሶ መጣና አለፈ። ትንሹ ልጅ ግን ከዚያ በኋላ የወፍጮ ቤት ሞተር ሲነሳ እንኳ ልብሱ ላይ ይሸናል። ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ያን ዕለት ውሃ ውስጥ የገባችው የጎረቤቷን ልጅ ይዛ የራሷን የልጅ ልጆች ከፊት እየገፋች እንደነበረም የነገረችኝ ያኔ ነው። ውሃው ቢወስዳቸው የሚሻል መስሏት እንደሆነ ጠየቅኋት።

«ወላሂ፣ ያን ጊዜ አላሰብኩም» አለችኝ። «እግሬ ነው ያሰበው።»

ቢሾፍቱ ስመለስ ይህን ለሻለቃው ነገርኩት። ሃንጋሩ በር ላይ ቆመን ነበር። እስከ መጨረሻው ሰማኝና አመስግኖኝ ሄደ። ከጥቂት ቀናት በኋላ አንድ ጠዋት ለልምምድ ስንሰበሰብ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ለማንሳት ስንሄድ በሰው አናት ላይ እንደማንመጣ ተናገረ። ራቅ ብለን እንታያለን፣ ራቅ ብለን እናርፋለን፤ ከዚያ የራስ ቁር ያላደረገ፣ መሣሪያ ያልያዘ፣ የአገሩን ቋንቋ የሚችል አንድ ሰው በእግሩ ይሄዳል። ነዳጅ ይፈጃል፣ ጊዜ ይፈጃል ያሉ ነበሩ። አዳመጣቸው፤ ሐሳቡን ግን አልለወጠም። እየቆየ ልማድ ሆነ። ከዚያ በኋላ ለሚመጡት አዳዲስ ልጆች ይህን ማስተማር የእኔ ድርሻ ሆነ። ሳስተምር ሁልጊዜ የምጀምረው እንዴት እንደሚወረድ ሳይሆን ከታች ምን እንደሚሰማ ነበር። አውድማ የሚያህል ሜዳ ላይ አስቆማቸውና ሄሊኮፕተሯ በላያቸው እንድታልፍ አደርጋለሁ። አንዳንዶቹ ይስቃሉ። ብዙዎቹ ግን ሳያውቁት ጎንበስ ይላሉ።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ጉልበቴ በር ላይ መንበርከክ እምቢ አለኝና በክብር ተሰናበትኩ። አሁን ከሚሴ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ የውሃ ሞተርና ባጃጅ የምጠግንባት ሱቅ አለችኝ። እቴቴም ጨፋ ያለው መሬቷን ለልጇ ትታ ከከተማው ዳር ትኖራለች። ባቲ ወርደን ሁለት ላሞች ገዝተናል። ትንሹ የልጅ ልጇ ትምህርት ቤት ገብቷል፤ የወፍጮውን ድምፅ ለምዶታል። ሄሊኮፕተር ሲያልፍ ግን አሁንም ወደ ቤት ይገባል፤ ማንም አይስቅበትም።

ባለፈው ክረምት መጨረሻ ሻለቃው ደወለልኝ። እሱም ጡረታ ወጥቷል። ለዘመድ ሠርግ ወደ ደሴ ሲያልፍ ከሚሴ ምሳ እንዲበላ ለመንኩት። ረቡዕ ነበር፤ ጾም ነው። እቴቴ ይህን ስትሰማ የራሷ ድስት ቅቤ የነካው ነው ብላ፣ ከክርስቲያን ጎረቤቷ ድስትና ማማሰያ ተውሳ በዘይት ምስርና ጎመን ሠራች። ሻለቃው ሲገባ ተነስታ እጁን ጨበጠችው። ፀጉሩ ሸብቷል፤ ድምፁ ግን ያው ዝግ ያለ ነው።

ምሳ እየበላን ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆቹ ተጨዋወቱ። ከዚያ ጉርሻውን አስቀመጠና ወደ እሷ ዞረ።

«እታለም፣ ያን ዕለት ስላስፈራናችሁ ይቅርታ ሳልጠይቅ ቀርቻለሁ» አላት።

እቴቴ ወጥ ጨመረችለት።

«የፈራነው እናንተን ብቻ አልነበረም» አለችው። «ውሃውንም ፈርተን ነበር። ከሁለቱ የሚሻለውን የሚነግረን ሰው ነው ያጣነው። ስትልኩልን መጣን።»

ሻለቃው ራሱን ነቀነቀና ምግቡን ቀጠለ። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ቀን ያነሳ አልነበረም። ዳመናው በአርጎባ ተራራ በኩል መጥቆር ሲጀምር ሳይዘንብ ልድረስ ብሎ ተነሳ። እቴቴ ከጓሮዋ የበቆሎ እሸት ቆርጣ በፌስታል ሞልታ መኪናው የኋላ መቀመጫ ላይ አስቀመጠችለት። ትኩስ ሳለ እንዲጠብሰው፣ እስከ ነገ ካቆየው እንደሚደርቅ ነገረችው። እሺ እታለም አላት፣ እንደ ትእዛዝ። መኪናው አስፋልቱ ላይ ወጥቶ ወደ ሰሜን እስኪታጠፍ ቆመን አየነው። ከዚያ እሷ የጎረቤቷን ድስት ለመመለስ ልታጥበው ገባች።